እድሩ ለቀብሩ ተዘጋጅቷል፤ ሱቁስ?

ሰልስት ነው። ድንኳኑ ኮልፌ ውስጥ በአንዲት ጠባብ መንገድ ላይ፣ ከሟቹ ሱቅ ፊት ለፊት ተተክሏል። የእድሩ አግዳሚዎች ተደርድረዋል፤ የእድሩ ብርጭቆዎች በየእጁ ይዞራሉ፤ የእድሩ ትልቁ ድስት ጓሮ ውስጥ ተጥዷል። ከሰዓት በኋላ ቦርሳ ያነገተ ሰው ገብቶ ጎንበስ ብሎ «እግዜር ያጥናችሁ» አለ፤ ጥቂት ተቀመጠ፤ ከዚያ የሟቹን ታናሽ ወንድም በዓይኑ ጠርቶ ወደ ጥግ ወሰደው። የዘይት አከፋፋይ ነው። ባለፈው ሳምንት በቃል ብቻ ተማምነው የተራገፈው ዘይት ሒሳቡ አልተዘጋም። እሱ ሳይወጣ የዱቄቱ መጣ። ሊመሽ ሲል ደግሞ የእቁቡ ጸሐፊ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን…» እያለ።

አበዳሪ ሰልስት አያልፈውም። ተበዳሪን ግን በአርባውም አታገኙትም።

ማታ ለቀስተኛው ሲሳሳ የሟቹ ባለቤት የዱቤ ደብተሩን አወጡ። ባለ 50 ሉክ፣ ሽፋኑ በዘይት የወዛ ደብተር ነው። ጎረቤት ነኝና «እስቲ አንተ አንብብልን» ተባልኩ። «ባለ ባጃጁ 1,240።» «የፎቁ ልጅ 310።» «እማማ ጥጓ፣ ቀሪ 85።» «ወፍራሟ፣ ስኳር 2 ዱቄት 1» ይልና ዋጋ የለውም። አንዳንዱ ተሰርዟል፤ የተሰረዘው ተከፍሎ ይሁን ተስፋ ተቆርጦበት አይታወቅም። አንድ ገጽ መሃል ላይ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት «እሱ 18,000» ይላል። ከደብተሩ ሁሉ ትልቁ ገንዘብ ነው። እሱ ማን ነው? ሚስት አላወቁም። ወንድም አላወቀም። እቃ ሲያወርድ የሚውለው ልጅም ተጠርቶ ተጠየቀ፤ ትከሻውን ነቀነቀ።

ሰውዬው ዝርክርክ አልነበሩም። በሰፈሩ ሒሳባቸውን በማወቅ የታወቁ ነበሩ። ደብተሩ የተጻፈው ለራሳቸው ነው፤ የተጻፈው ግማሹ ነው፤ ሌላው ግማሽ ጭንቅላታቸው ውስጥ ነበርና አብሯቸው ተቀበረ።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ነገር ይኸው ነው። የእኛ ነጋዴ ለሞቱ አይዘናጋም። ከጀብሎ አንስቶ እስከ ጅምላ አከፋፋዩ የእድር መዋጮ የማይከፍል ሰው ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ሣጥኑ፣ የቀብር ማስፈጸሚያው፣ ለቀስተኛ የሚያበላው እንጀራ ሳይቀር በቃለ ጉባኤ የተሠራ ነው። ሰውዬው በሞቱ በሰዓታት ውስጥ ሁሉም ሥራውን ያውቃል። ቤተሰቡን ሲያበላ የኖረው ሱቅ ግን ነገ ጠዋት ማን እንደሚከፍተው የሚያውቅ የለም። ከሞትም በፊት ሌላ ብዙ ነገር አለ፦ ስብራት፣ እሳት፣ የሁለት ወር ሕመም፣ የመንገድ መዘጋት፣ የአከራይ ድንገተኛ ማስታወቂያ። ለነዚህ ደግሞ እድርም የለም።

ወረቀት ያለው፣ ወረቀት የሌለው

በንግድ ሕጉ ቋንቋ እንዲህ ያለው ሰው ግለሰብ ነጋዴ ነው። ሱቁ ከእሱ የተለየ ሰውነት የለውም፤ የሱቁ ዕዳ የሰውየው ዕዳ ነው፤ ቤቱና ንብረቱም ለዚያ ዕዳ መልስ ሰጪ ነው። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ በትዳር ውስጥ የተፈራ ሀብት የጋራ እንደሆነ ሁሉ ለትዳሩ ጥቅም ተብሎ የተገባ ዕዳም የጋራ ነው ይላል። ስለዚህ ባንኮኒ ጀርባ አንድ ቀን ቆመው የማያውቁ ሚስት በሰልስቱ ማግስት የዘይት አከፋፋዩ ባለዕዳ ሆነው ራሳቸውን ያገኙታል። ዕዳው በትክክል ስንት እንደሆነ የሚያውቀው ግን አከፋፋዩ ብቻ ነው። ሐቀኛ ከሆነ እሰየው።

በኮልፌው ቤት ወንድምየው መጀመሪያ አልተጨነቀም። «ውክልና አለኝ» አለ። እውነትም አለው፤ በሰነዶች ማረጋገጫ ማኅተም የተመታበት፣ በፕላስቲክ የታሸገ። ባንክ ሄደ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቱን አገላብጣ አይታ አንድ ጥያቄ ጠየቀችው፦ «ወካዩ በሕይወት አሉ?»

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮ ይሞታል። ከዚያ በኋላ የሚሠራው የወራሽነት ማስረጃ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ የሚጠየቀው ከከተማው ፍርድ ቤት ነው። ማመልከቻ አለ፣ ምስክር አለ፣ ቀጠሮ አለ፣ ተቃዋሚ ከመጣ ሌላ ቀጠሮ አለ። የሱቁ ኪራይ ቀጠሮ አይጠብቅም። እርጎና ዳቦ ቀጠሮ አይጠብቅም። የንግድ ፈቃድ ማደሻውም ያለ ቅጣት ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ ሐዘን ላይ ነበርን ብሎ የሚቆም ቀን የለም።

ይህን ስል ውክልና አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ባለቤቱ ሆስፒታል ሲተኛ፣ ከአገር ሲወጣ፣ ወይም ለጸበል አገር ቤት ሲሰነብት ሱቁን በሕይወት የሚያቆየው እሱ ነው። ነገር ግን «ጠቅላላ ውክልና ሰጥቼዋለሁ» ብሎ የተዝናና ሰው ሕጉን ጠጋ ብሎ ቢያየው ጥሩ ነው። በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና የሚያስችለው የማስተዳደርን ሥራ ነው፦ መሰብሰብን፣ መክፈልን፣ መጠበቅን። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ጉዳዩ በስም ተጠቅሶ መጻፍ አለበት። ሰው አልጋ ላይ ሆኖ ቤት ተሽጦ ይታከም በተባለ ጊዜ ነው «ሽያጭ አይልም» የሚባለው።

ኑዛዜም እንዲሁ ነው። እዚህ አገር ሰው በመጨረሻዋ ሰዓት ቤተሰቡን ሰብስቦ «ሱቁን ለእገሌ፣ ቤቱን ለእገሊት» ብሎ ካረፈ ነገሩ አለቀ ይባላል። ቃሉ ይከበራል፣ ሽማግሌ ይመሰክራል። ሕጉ ግን ለቃል ኑዛዜ የሰጠው ቦታ ጠባብ ነው፦ የቀብር ሥርዓት ማዘዝ፣ ለትንንሽ ልጆች አሳዳሪ መሰየም፣ እና እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ መተው። 500 ብር! ሕጉ በወጣበት ዘመን ትርጉም ያለው ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ አንድ ካርቶን ፓስታ አይገዛም። የጽሑፍ ኑዛዜ ደግሞ ሁለት ዓይነት መንገድ አለው። በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ የሚፈረመው አንዱ ነው፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ሌላው ሰው በራሱ እጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጽፎ፣ ቀን አኑሮ፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ የሚፈርመው ነው። ይኸኛው ብር አያስወጣም፤ ምስክርም አይሻም። ነገር ግን በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል። ሳጥን ሥር የተረሳ ኑዛዜ እድሜ አለው።

በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ 1243፣ ለዚህ ሁሉ አንድ በር ከፍቷል፤ የሚገባበት ግን ጥቂት ነው። ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ይባላል። አንድ ሰው ብቻውን ማኅበር ያቋቁማል፤ ማኅበሩ የራሱ ሰውነት ይኖረዋል፤ ዕዳው በመርሕ ደረጃ በማኅበሩ ሀብት ይወሰናል። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የማረከኝ ሌላ ነገር ነው። መሥራቹ ሲመዘገብ፣ ቢሞት ወይም ችሎታ ቢያጣ ሥራውን የሚይዝለትን ሰው አስቀድሞ እንዲሰይም ሕጉ ያስገድደዋል። ማለትም ሕጉ ሚስትም፣ ጓደኛም፣ የንስሐ አባትም ደፍሮ የማይጠይቀውን ጥያቄ ገና በር ላይ ይጠይቃል፦ አንተ ከሌለህ ማን አለ? ለሰፈር ሱቅ ማኅበር ማቋቋም ይበዛበት ይሆናል፤ የሒሳብ አያያዙም ሸክም ነው። ጥያቄው ግን ለባለ ማኅበሩ ብቻ የሚቀር አይደለም።

እሳቱ የሚያነበው ወረቀት

ጥቅምት 11 ቀን 2017፣ ሰኞ ማታ፣ መርካቶ ሸማ ተራ ላይ እሳት ተነሣ። ሌሊቱን ከሩቅ የሚታየው ነበልባል ብዙ ሱቆችን በላ። የቦታው ጥበትና የመኪና መግቢያ መጥፋቱ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹን ክፉኛ ፈተናቸው። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም። ሱቅ ከሱቅ ግድግዳ ይጋራል፤ ጣቃው እስከ ጣሪያ ተከምሯል፤ ላስቲኩና ካርቶኑ ኮሪደሩን ሞልቶታል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦው ከአንዱ ቆጣሪ ወደ ሌላው እንደ ልብስ መስጫ ይንጠለጠላል። በዚያ ላይ ቀን የዋለው ሽያጭ በጥሬው መሳቢያ ውስጥ ያድራል።

መርካቶ የራሱ የኢኮኖሚ ትምህርት አለው፦ ብር አይቀመጥም፣ ዕቃ ይገዛበታል። ይህን የሚል ነጋዴ ሞኝ አይደለም። የዋጋ ንረት በዓመት ከ30 በመቶ በላይ በነበረባቸው ጊዜያት ባንክ ያስቀመጠ ሰው ሲቀልጥ፣ ሳሙናና ብርድ ልብስ ያከማቸው ሰው ሰንብቶ አትርፏል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ መጋዘኑ ሙሉ የነበረ ሰው ሳቀ። እሳት ግን ይህን ትምህርት በአንድ ሌሊት ይገለብጠዋል። ተቀማጩ፣ ካፒታሉ፣ የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያው፣ ሁሉም አንድ ጣሪያ ሥር ነበር። በዕቃ አስቀምጡ የሚለውን ምክር አልቃወምም፤ እኔ የምጠላው ሁሉንም ዕቃ አንድ ቁልፍ ሥር ማስቀመጥን ነው።

ኢንሹራንስስ? የአገራችን የመድን ገበያ ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት አንድ በመቶ አይሞላም። ብዙ ሰው ኢንሹራንስ የሚያውቀው መንገድ ትራንስፖርት ሲሄድ ነው፤ የሦስተኛ ወገን ግዴታ ነውና። ለሱቁ የገባውም ቢሆን የውሉን ወረቀት አንብቦት አያውቅም። ሁለት ነገር ብቻ ልንገራችሁ፤ ሁለቱም ሰው ሲያስለቅሱ ይታያሉ።

አንደኛው ዋጋው ነው። ነጋዴው አረቦኑ እንዲቀንስለት ብሎ የ1 ሚሊዮን ብር ዕቃ 500 ሺህ ነው ብሎ ያስመዘግባል። እሳት ይነሣና የ200 ሺህ ብር ዕቃ ይቃጠላል። 500 ሺህ ገብቻለሁና 200 ሺውን አገኛለሁ ይላል። አያገኝም። ግማሹን ብቻ ስላስገባ ጉዳቱም በግማሽ ይታሰብና 100 ሺህ ይሰጠዋል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ በብዙ አገር የንብረት መድን ውል የሚሠራው እንዲህ ነው። አሁን ደግሞ ያልዋሸውም ሰው እዚህ ወጥመድ ውስጥ ነው። ከሐምሌ 2016 በፊት በነበረው ዋጋ ያስመዘገበ ነጋዴ ውሉን በዚያው ቁጥር እያደሰ ከሆነ፣ ዛሬ ያንኑ ዕቃ የሚተካበት ዋጋ ሌላ ነው። ሳያውቀው በግማሽ ዋስትና ተኝቷል።

ሁለተኛው ደረሰኝ ነው። መድን ድርጅት አመድ አይቆጥርም፤ ሰነድ ነው የሚያነበው። ምን ያህል ዕቃ ነበረህ ሲባል የግዢ ደረሰኝ፣ የክምችት መዝገብ፣ ለገቢዎች ያስታወቅከው ሒሳብ ይቀርባል። ከጅምላ አከፋፋይ «ያለ ደረሰኝ በዚህ ዋጋ፣ በደረሰኝ በዚህ ዋጋ» ተብሎ ርካሹን የመረጠ ሰው፣ ለግብር ሲባል ሽያጩን ያሳነሰ ሰው፣ በዚያች ቀን በራሱ ወረቀት ይረታል። ለገቢዎች ድሃ፣ ለኢንሹራንስ ሀብታም መሆን አይቻልም። ደረሰኙ ያለውም ቢሆን ፋይሉ ሱቁ ውስጥ ከነበረ አብሮ ነዷል። በስልክ ፎቶ አንስቶ ለእህት ወይም ለልጅ በቴሌግራም መላክ ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላም አለ፤ በአጭሩ ልለፈው። መደበኛው የእሳት ዋስትና ሁከትና የፖለቲካ ብጥብጥ ያደረሰውን ጉዳት ተጨማሪ ካልተገዛ በቀር አይሸፍንም። በሰኔ 2012 መጨረሻ ሻሸመኔ ላይ ሆቴልና ሱቅ ሲነድ ያየ ነጋዴ ይህን ሐረግ ሳያነብ መፈረም የለበትም። ሱቁ ተዘግቶ የቀረ ትርፍም እንዲሁ ለብቻው የሚገዛ ዋስትና ነው። በመጨረሻም፣ አደጋ ሲደርስ ለመድን ድርጅቱ የሚሰጠው ማስታወቂያ በቀናት የሚቆጠር ገደብ አለው። ልቅሶው ይለፍ ብሎ መሰንበት መብት ያስቀራል። የአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው፤ ሱቃችሁ ግድግዳ ላይ በትልቁ ጻፉት።

እጅ ሲሰበር

ሰው ስለ አደጋ ሲያወራ እሳትና ሞት ያወራል፤ የሚበዛው ግን እንዲህ ያለው ነው።

ገርጂ አካባቢ ጸጉር ቤት ያላት ሴት፣ ክረምት ላይ የጎርፍ ውኃ ያረጠበው ደረጃ አንሸራቷት ቀኝ እጇን ተሰበረች። ስድስት ሳምንት ጀሶ። «እኔ እኮ ሱቄ እጄ ነው» አለችኝ፣ ጀሶው ላይ ደንበኞቿ የጻፉትን እያሳየች። ሹሩባ የሚሠሩ ሁለት ልጆች አሏት፤ በኮሚሽን ነው የሚሠሩት። ቀለምና ሒውማን ሔር የምትሠራው ግን ራሷ ነበረች፤ ገንዘቡም ያለው እዚያ ላይ ነው። ቀለም ቅመማውን ለማንም አሳይታ አታውቅም። «ካሳየኋት ነገ የራሷን ትከፍታለች» የሚል ስጋት ነበራት። ይህ ስጋት የብዙ ባለሙያ ነው፤ መካኒኩም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ኬክ ጋጋሪውም ያውቀዋል። መሠረት የለውም አልልም። እሷም ቤት በሦስተኛው ሳምንት አንደኛዋ ልጅ አምስት ደንበኛ ይዛ ሌላ ቤት ገብታለች።

ቤቱን ያዳነችው ቀሪዋ ልጅ ናት። የጸጉር ቤቱ ባለቤት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ግራ እጇን እያወዛወዘች፣ «ሁለት ከዚያ፣ አንድ ከዚህ፣ አሁን ተይው» እያለች በቃል አሠራቻት። መጀመሪያ የተቀባችው ደንበኛ ጸጉር ትንሽ ቀይ ወጣ፤ በነጻ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ተስተካከለ። ለኪራዩ ደግሞ እቁቧ ደረሰላት። ተራዋ ገና ነበር፤ ዳኛው አባላቱን ጠይቆ እጣው በችግር እንዲሰጣት ተደረገ። ይህ በየእቁቡ ያለ ነገር ነው፦ ሠርግ፣ ሕመም፣ ልቅሶ የገጠመው ሰው ያስቀድማል፤ ዋስ ይጠራል፣ ይፈራረማል። ከባንክ ብድር በፊት የሚደርስ፣ ወለድ የማይጠይቅ ገንዘብ ነው። የሚገኘው ግን መዋጮውን ሳያቆራርጥ ለከፈለ ሰው ነው፤ ተራዬን ካወጣሁ በኋላ ብሎ የሚያመላልስ ሰው በችግሩ ቀን ዳኛ አያገኝም።

ሕክምናውን የከፈለችው ከኪሷ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መሆን ትችል ነበር፤ በ2003 በ13 ወረዳዎች የተጀመረው ይህ ሥርዓት ደመወዝተኛ ያልሆነውን ሰው አስቦ የተሠራ ነው፤ መዋጮውም በዓመት አንዴ በቤተሰብ ይከፈላል። ችግሩ ምዝገባው ወቅት ያለው መሆኑ ነው፤ እጅ የተሰበረ ቀን ልመዝገብ አይባልም። ሰልፉና የመድኃኒት እጥረቱ ያስመርራል ይላሉ፤ እውነት ነው። ቢሆንም ለግል ሠሪ ይህን ያህል ርካሽ ዋስትና ሌላ ቦታ አላየሁም። የጡረታውም በር በፈቃድ ለሚገባ ክፍት ነው። ለተቀጣሪ አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ፤ ለራሱ የሚሠራ ሰው ግን አሠሪውም ሠራተኛውም እሱ ነውና ሁለቱም ከአንድ ኪስ ይወጣል። ያ ነው ብዙውን ሰው የሚያስፈራው።

በኮሮናው ጊዜ ይህ የተቀጣሪና የግል ሠሪ ልዩነት ቁልጭ ብሎ ታይቷል። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አሠሪ ሠራተኛውን እንዳያባርር፣ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ተከለከለ። ጥሩ ሕግ ነበር። ባለ ጀበና ቡናዋን ግን ማን ያባርራታል? ቀጣሪዋ ራሷ ናት። መንገዱ ባዶ ሲሆን ሥራዋ አብሮ ሄደ። በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ደግሞ ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ገደማ ተቋረጠ። ያኔ ቴሌብር ገና አልተጀመረም ነበር፤ አሁን ግን የብዙ ሱቅ መሳቢያ ስልኩ ነው። በ127 ኮድ ያለ ኢንተርኔት እንደሚሠራ የማያውቅ ነጋዴ አሁንም አለ። ከዚያ የባሰው የነጋዴ ቁጥሩ በወንድም፣ በቀድሞ ሸሪክ፣ አንዳንዴም ሥራ በለቀቀ ልጅ ስም የተመዘገበበት ሱቅ ነው። ስልኩ የጠፋ ቀን የሱቁ ገንዘብ የማን እንደሆነ ያኔ ይታወቃል።

ኮልፌ ሰልስት ላይ ያየሁት ነገር አልወጣልኝ ሲል የሰፈሬን እድር ዳኛ ሄጄ አነጋገርኳቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የእድሩን መዝገብ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ይይዛሉ። ሐሳቤን ነገርኳቸው፦ እድሩ እያንዳንዱ ባለ ሱቅ አባል የታሸገ ፖስታ እንዲያስቀምጥ ቢያደርግስ? ለማን እንዳበደረ፣ ለማን እንደሚከፍል፣ የትኛው እቁብ ውስጥ እንዳለና ዋሱ ማን እንደሆነ፣ ኪራዩ መቼ እንደሚደርስ፣ የመድን ውሉ የት እንዳለ፣ መጠባበቂያው ቁልፍ ማን ጋ እንደሆነ፣ ባንኮቹ የትኞቹ እንደሆኑ። የሚስጥር ቁጥር አይጻፍበት፤ ባንክ ለወራሽ ሲከፍል የሚስጥር ቁጥር አይጠይቅም።

«ልጄ» አሉኝ፣ መነጽራቸውን እያወለቁ፣ «ሰው ለሚስቱ ያልነገረውን ለእድር ይነግራል?»

«መንገር አይደለም ጋሼ፣ ማሸግ ነው።»

«ማሸጉስ! እንዲህ ያለ ነገር ስትጽፍ ሞትን መጥራት ነው ይሉሃል። ሟርት ነው ይሉሃል። ሌላው ደግሞ ገቢዎች ያዩታል ብሎ ይፈራል።»

ዝም ብለው ቆዩና ሣቁ። «እኔም አልጻፍኩም» አሉ።

ሟርት የሚለውን ክርክር አከብረዋለሁ፤ ግን አልቀበለውም። ድንኳን የገዛ ማኅበር፣ ሣጥን የሚያሰናዳ ማኅበር፣ ጡሩምባ ነፊ የቀጠረ ማኅበር ወረቀትና ፖስታ ሲባል ሟርት የሚልበት ምክንያት የለም። ሞትን ከጠራንማ ቀድሞ የጠራነው በየወሩ መዋጮ ስንከፍል ነው። የሚስቱንም ነገር አውቃለሁ፤ ሚስት ሀብቱን ካወቀች ነገር ይበላሻል የሚል ባል አለ፤ ባል ካወቀ ይጨርሰዋል የምትል ሚስትም አለች። እንዲህ ያለው ቤት ፖስታውን እድር ጋ ያስቀምጥ፤ ካልሆነም ውል አዋዋይ ጋ። በሕይወት ሳለ ማንም አይከፍተውም። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ፣ ፈቃድና ግብር ይዞ በሚንከራተትበት ሰሞን፣ የድሮውን ቀዶ አዲስ ይጽፋል።

የኮልፌው ሱቅ አሁን ተከፍቷል፤ ሚስትየው ይዘውታል። «እሱ» እስካሁን አልመጣም። 18,000 ብሩ ለእሳቸው የሁለት ወር ኪራይ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ባለ ሱቅ፣ ባለ ጋራዥ፣ ባለ ባጃጅ፣ ባለ ጸጉር ቤት ከሆንክ ዛሬ ማታ የዱቤ ደብተርህን አውጣና በቅጽል የጻፍከውን ሁሉ በሙሉ ስምና በስልክ ቁጥር መልሰህ ጻፈው። የእድር አባል ከሆንክ ደግሞ በሚቀጥለው ወርሃዊ ስብሰባ፣ መዋጮ ተሰብስቦ ሲያበቃ፣ «ልዩ ልዩ» በሚባለው አጀንዳ ላይ እጅህን አውጥተህ የፖስታውን ነገር አንሣ። ዳኛው እምቢ ካሉ ጸሐፊውን ጠይቅ።